እስቲ ይሥሩበት

ጡረታ ያወጣኝ መንግሥት አይደለም፤ የገዛ እጄ ነው። ሲግናል ሰፈር በነበረችው የጥገና ኮንቴይነሬ ውስጥ ተቀምጬ የአንድ ላፕቶፕ ብሎን ልፈታ ስል መፍቻው ከብሎኑ ራስ ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። መነጽሬን ጠረግሁ፣ አምፖሉን አስጠጋሁ፣ ብሎኑን ሰደብኩት። ጥፋቱ የብሎኑ አልነበረም፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለ ላፕቶፑ ወጣት አይቶ እንዳላየ ስልኩን መነካካት ጀመረ፤ ያ ይሉኝታው ከመንቀጥቀጡ ይበልጥ አናደደኝ። እልህ ይዞኝ ሥራውን ጨርሼ ሰጠሁትና ብዙም ሳልቆይ ኮንቴይነሯን ለሞባይል ጠጋኝ አስረከብኩ። ዘመኑም የእሱ ነው። አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ፣ ለታክሲ ሳልሰለፍ ጠዋትን ማየት እየለመድኩ ነው።

ልጄ የሥራ ዘመንሽን ጻፊው ትለኛለች። «ስታወሪ ጥሩ ነሽ፤ መጻፉን ግን እንጃ» ብላ ጨመረችበት፣ እልህ ልታስገባኝ። ተሳክቶላታል። እሷ የረሳችው ግን እኔ ጥሩወርቅ እንጀራዬን የጀመርኩት በመጻፍ መሆኑን ነው፤ የምጽፈው የሌላ ሰው ደብዳቤ ይሁን እንጂ።

ታይፒስት ነበርኩ። የካ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ታጭቀን ቀኑን ሙሉ እንቀጠቅጣለን። ኢሕአዴግ ሲገባ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ተነሣ፣ ኃላፊው ተቀየረ፣ የደብዳቤው አርማ ተለወጠ። ታይፑ ግን ያው የቀድሞው ነበር፤ አዲሱንም መንግሥት በአሮጌው ማሽን ጻፍኩለት። ደመወዙ የሚወራለት ስላልነበር አላወራለትም።

ጋሽ ወንድሙን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ታይፕ ጠጋኝ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን በበጋም የማያወልቁ። ታይፕ ተበላሸ ተብለው ሲጠሩ የመሣሪያ ቦርሳቸውን በር ሥር ያስቀምጡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ከዚያ ታይፒስቷን «እስቲ ይሥሩበት» ይሏታል። ለኃላፊውም ለተላላኪዋም «እርስዎ» ነበር የሚሉት፤ እኔ ያኔ ገና ወጣት ስለነበርኩ አንቱታው ያስቀኝ ነበር።

«ኧረ ጋሼ፣ ተበላሽቷል እኮ! በምኑ ልሥራበት?»

«በተበላሸው።»

እሷ ትመታለች፤ እሳቸው ጣቷን፣ ክርኗን፣ ወንበሯን፣ የወረቀቱን አገባብ ያያሉ። አንዳንዴ ቦርሳው ሳይከፈት ረፋዱ ያልቃል። አለቆቻችን ይህን ስንፍና ይሉት ነበር።

የአማርኛ ታይፕ ፊደልን አካል በአካል ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ግንዱ ይመታል፣ ከዚያ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይጨመርለታል። አጠገቤ የምትቀመጠው የፋንታዬ ማሽን ከሰዓት በኋላ ብቻ ቀለበቱን ከፊደሉ እያራቀ ማስቀመጥ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ደኅና ነው። ከውጭ የመጣ ጠጋኝ ፈታትቶ ገጥሞት ነበር፤ ምንም አልተሻለው። ጋሽ ወንድሙ መጥተው «እስቲ ይሥሩበት» አሉና ከምሳ በፊት ቆሙ፤ ከምሳ በኋላም ተመልሰው ቆሙ። ፀሐይ ዞራ በመስኮቱ ስትገባ ፋንታዬ ዓይኗን ጨፈን አደረገችና ጠረጴዛውን በጉልበቷ ገፋችው። የጠረጴዛው አንድ እግር የተነሣ ጣውላ ላይ ወጣ፣ ማሽኑ ጋደል አለ፣ ቀለበቶቹ መንሳፈፍ ጀመሩ። ጋሽ ወንድሙ ታይፑን አልነኩትም። ለመስኮቱ መጋረጃ አሰፉለት።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ተከትያቸው እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። «ማሽን ብቻውን ሲሆን ጤነኛ ነው» አሉኝ። «የሚያመው ሰው ሲሠራበት ነው። እንግዲህ ሰው ሲሠራበት ይዩት፤ ነገር በዓይን ይገባል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሲጨርሱ «ተሠርቷል» አይሉም፤ «ለጊዜው ዝም ብሏል» ነበር የሚሉት። ቢሮው በሙሉ በዚህ ይቀልድባቸው ነበር። ባሏ ሰክሮ ገብቶ የተኛላት ተላላኪያችን ሳትቀር፣ «እንዴት ነው ሰውዬሽ?» ስትባል «ለጊዜው ዝም ብሏል» ትላለች።

ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ የኃላፊው ክፍል ገብቶ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ቆይቶ ለእኛም ደረሰን። እኛ ለአጭር ሥልጠና ስንላክ ጋሽ ወንድሙ ጡረታ ወጡ። ሊሰናበቱን በመጡ ቀን ሽፋኑ የተከፈተ ኮምፒውተር አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልገው ከማራገቢያው በቀር አጡ። «ይሄ ደግሞ ሕመሙን በሆዱ የሚይዝ ዓይነት ነው» አሉ። «ቢሆንም ያው ነው። ሰው ይሥራበት፣ እርስዎ ይዩ።» አቧራ የሚጠርጉበትን ብሩሽ ሰጡኝ። ጠጉሩ ካለቀ ቆየ፤ እጀታው ግን እስካሁን አለኝ።

ኮምፒውተር ለመክፈት የማትፈራ ሴት እኔ ብቻ ሆኜ ስለተገኘሁ ወደ ጥገና ክፍል አዛወሩኝ። ደብዳቤው ደመወዝ ሳይጨምር ማዕረግ ጨመረልኝ። በኋላ የመዋቅር ማሻሻያ የሚባል ነገር መጣና ማዕረጉም ቦታውም ታጠፈ። ከዚያ መገናኛ፣ አቶ ሙላት የሚባሉ ሰው የጥገና ሱቅ ገባሁ።

አቶ ሙላት ደግ ሰው ነበሩ፤ ከአርባ ያለፈች ሴት ለኮምፒውተር ጥገና የቀጠረ ሌላ ሱቅ አላውቅም። ግን ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት ነበራቸው፤ ፎርማት። ማሽኑ ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ድምፅ የለውም? ፎርማት። አንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ገመዱን አይጥ የበላው ማሽን መጥቶ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ «ጥሩዬ፣ ፎርማት አድርጊው» ብለውኛል። ያኔ ከተማው በሙሉ እንደዚያ ነበር። ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር የማያድነው ነገር ያለ አይመስለንም ነበር።

ጌም ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር የተዋወቅሁት እዚያ ነው። ለጽሑፍና ለፊልም የሚበቃ ማሽን ጌም ሲከፈትበት ይንበረከካል፤ ባለቤቱም ተሸክሞት ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በትክክለኛው አጠራር ሲፒዩ ማለት ፕሮሰሰሩ ነው፤ የማሽኑን ስሌት ሁሉ የሚሠራው፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ነገር። እኛ ሰፈር ግን ሲፒዩ ማለት ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው ሣጥን ነው። ስለዚህ ደንበኛ «ሲፒዩዬ መቶ ገባ» ሲል መጀመሪያ የትኛውን እንደሆነ ትጠይቃለህ። ፕሮሰሰሩ መቶ ገባ ማለት አቅሙ ተሟጧል ማለት ነው፤ ጌሙ ሲጠይቀው የሚሰጠው የለውም። ሥዕሉ ቀጥ ይላል፣ ድምፁ ይቀጥላል። የእግር ኳስ ጌም ከሆነ፣ ኳሱ አየር ላይ እንደቀረ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ ጎል ብሎ ይጮኻል።

ኮተቤ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ልጃቸው ጌም ሲከፍት ማሽኑ እንደ ወፍጮ ይጮኽና ይንቀራፈፋል። አቶ ሙላት ቢሆኑ ፎርማት ነበር። እኔ «እስቲ ሥራበት» አልኩት። ሊቀመጥ ሲል እናቱ ቀደም ብለው፣ እንግዳ ስላለ ቤቱ እንዲያምር፣ ሣጥኑ ላይ የነበረውን ዳንቴል አስተካክለው ዘረጉት። ዳንቴሉ እስከ ወለሉ ወረደና የአየር መውጫውን ጥርቅም አድርጎ ሸፈነው። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፍጥነቱን ሲቀንስ ትንሹም ሥራ ይከብደዋል። መፍቻ እንኳ አላወጣሁም። ከባዱ ሥራ ዳንቴሉን ማስነሣት ነበር፤ «በእጄ የሠራሁት ነው እኮ» ብለው ተቀየሙኝ። በመጨረሻ ዳንቴሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ፣ እኛም ታረቅን።

መገናኛ ለባቡሩ ሲቆፋፈር ደንበኛ በጭቃውና በአጥሩ መግቢያ አጣ፤ አቶ ሙላት ሱቃቸውን ዘጉ። እኔ ሲግናል ውስጥ ኮንቴይነር ተከራየሁ። አሁን የምነግራችሁ ሥራ የመጣው እዚያ ነው። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጪ ብባል እሱን ነው።

ቤዛ ትባላለች። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ያጣች ልጅ ነች። አባቷ ጋሽ ታደሰ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። በግቢያቸው በር ላይ አንድ ሰፊ ሰርቪስ ክፍል አለ። በደርግ ጊዜ፣ አምልኮ በተከለከለበት ወቅት፣ ምእመናኑ ተደብቀው የሚጸልዩት እዚያ ነበር፤ መጋረጃ አውርደው፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ ያህል እየዘመሩ። ጋሽ ታደሰ ይህን ክፍል ልጃቸው ጌም ቤት እንድታደርገው ፈቀዱላት። ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። «ከሰው በር ከምትንከራተት ብዬ ነው» ይሉ ነበር። ግን ክፍሉን የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶችም ለጸሎት ፈልገውታል፤ እሳቸውም ለልጃቸው ቁርጡን ነግረዋታል። የሚሠራ ከሆነ ትሥራበት፤ የማይሠራ ከሆነ ክፍሉ ወደ ጸሎቱ ይመለስ።

ቤዛ እኔ ዘንድ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «እትዬ፣ ማሽኖቼ ጌም ሲከፈት ፕሮሰሰራቸው መቶ እየገባ ቀጥ ይላሉ። ፎርማት ተደርገዋል፣ ሦስተኛቸው ነው። ተጫዋቾቹ እየሸሹኝ ነው።»

ሄድኩ። ስምንት ማሽኖች ናቸው፣ በሥርዓት የተደረደሩ። ከፍቼ አቧራቸውን ጠረግሁ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባት ደርቆ ስለነበር አዲስ ቀባሁ። ከዚያ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ፤ በማሽኑ ውስጥ ማን ምን ያህል እንደሚበላ የሚያሳየው ሰሌዳ ነው። በያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት አንቲቫይረስ አገኘሁ። ከእኔ በፊት የመጣው ቴክኒሻን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ብሎ ነው የጫነው። ለቤት ጥሩ ምክር ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አይሆንም። አንድ ግቢ የተቀጠሩ ሁለት ዘበኞች ሌባ መጠበቁን ትተው እርስ በርስ ሲፋጠጡ እንደሚያነጉት፣ ሁለቱ አንቲቫይረሶች እያንዳንዷን ፋይል እየተቀባበሉ ሲፈትሹ ለጌሙ የሚተርፍ አቅም አልነበረም።

አንዱን ከሁሉም ላይ አነሣሁ። ቤዛ እንደ ብዙ ጌም ቤት ማሽኖቿ ላይ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራም ጭናለች፤ ተጫዋች ምንም ቢያበላሽ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ፍሪዙ በተዘጋበት ቀን ወደነበረው ሁኔታ ይመልሰዋል። እሱን ከፍታልኝ ሠራን፣ ስንጨርስ መልሳ ዘጋችው። ጌሙ ተከፈተ፤ ፕሮሰሰሩ ቀለል አለው፣ ኳሱ እንደ ልቡ ሄደ። ጋሽ ታደሰ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ተሠራ?» አሉኝ።

«ተሠርቷል፣ ጋሼ» አልኩ። አፌን ሞልቼ።

ነሐሴ ላይ ቤዛ የኳስ ጌም ውድድር አዘጋጀች። ሰፈሩ ጌም ቤቱ እንደ ዳነ ይይ ብላ ነው፤ አባቷም እንዲያዩ ጠራቻቸው። ጋሽ ታደሰ ከሳሎን ወንበሮች አውጥተው ለተመልካች ደረደሩ። እኔም በክብር ፊት ተቀመጥኩ። ጨዋታው ሞቅ እንዳለ እንጦጦ ላይ ነጎድጓድ ተሰማ፤ ቆየት ብሎ መብራት ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ ማሽኖቹ ተከፈቱ፣ ጌሙ ተጀመረ፣ ከዚያ ስምንቱም ባንዴ ቀጥ አሉ። ሥዕሉ ቆመ፤ ጋዜጠኛው ብቻውን ይለፈልፋል። ሰው መጀመሪያ ሣቀ፣ ቀጥሎ ተነጫነጨ፣ ከዚያ መውጣት ጀመረ። ከኋላዬ አንዱ «ማዘር ናት አሉ የሠራችው» ሲል ሰማሁ። ጋሽ ታደሰ ወንበሮቻቸውን ራሳቸው እያነሡ ወደ ሳሎን መለሱ። ቢቆጡኝ በወደድኩ ነበር።

በማግሥቱ ቤዛ ኮንቴይነሬ በር ላይ ቆማ «አባቢ ለመስከረም ክፍሉን ለወጣቶቹ ሊሰጥ ነው» አለችኝ። «አልተቆጣኝም፤ ‹አየሁልሽ ልጄ› ነው ያለኝ።» ከዚያ አለቀሰች።

በሥራዬ ብዙ ማሽን አሸንፎኛል፤ እንደዚያኛው ያሳመመኝ ግን የለም። ማታ ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ስሄድ ጋሽ ወንድሙ ታወሱኝ። ማሽኖቹን ደኅና በሆኑበት ሰዓት አይቼ፣ ደኅና መሆናቸውን አረጋግጬ ነው የመጣሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው። የአያት አደባባይ መጨናነቅ እስኪለቀን ድረስ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ሕመሙን በዓይኔ ሳላይ መፍቻ አልይዝም፣ እስካይም ከዚያ ክፍል አልቀርም።

ከሰዓት ከሰዓት ኮንቴይነሬን እየዘጋሁ ቤዛ ዘንድ መቀመጥ ጀመርኩ። በርጩማ ይዤ ጥግ ላይ፣ እጄን አጣምሬ።

«እትዬ፣ ምንም አይነኩም እንዴ?»

«አልነካም። እናንተ ሥሩበት።»

የቀሩት ጥቂት ተጫዋቾች ይጫወታሉ፤ ማሽኖቹ ደኅና ናቸው። በሌላውም ቀን ደኅና ናቸው። ደኅንነታቸው ያቃጥለኝ ጀመር። ጋሽ ታደሰ አንድ ቀን አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ልጆቹ ሲፒዩው ሞላ ሲሉ እሰማለሁ» አሉ፣ ጠረጴዛ ሥር ያለውን ሣጥን እያመለከቱ። «ምንድን ነው የገባበት? ቢከፈትና ቢራገፍስ?»

«አራግፌው ነበር ጋሼ፤ የሞላው እሱ አይደለም።»

«ታዲያ አሁን ምን እየጠበቁ ነው?»

«እስኪታመሙ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የእብድ ነገር ሳይመስላቸው አልቀረም። መስከረም ግን እየቀረበ ነበር።

ፍንጩን የሰጠኝ ሄኖክ ነው፤ የታክሲ ረዳት፣ ጌም ቤቱን ያልከዳ ደንበኛ። አንድ ቀን መጥቶ በር ላይ ቆመና ወደ ሰሜን አየት አድርጎ ሊመለስ ሆነ።

«ምነው፣ አትጫወትም?» አልኩት።

«ማዘር፣ እንጦጦ እኮ ጠቁሯል። እንጦጦ ሲጠቁር እኔ ሰዓት አልገዛም፤ ማሽኑ ያብዳል።»

«ምን አገናኘው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብርድ ይመታው ይሆናል።»

ቤዛና እኔ ተያየን። ወጣሁ። እንጦጦ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ በደመና ተውጧል። ነፋስ ያን ባሕር ዛፍ ሲያወዛውዝ የእኛ ሰፈር መብራት እንደሚሄድ ሲግናል የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ሮጬ ገብቼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። «ሄኖክ፣ ግባ። እኔ እከፍልልሃለሁ፤ እስቲ ሥራበት።»

መብራቱ ሄደ። ሲመለስ ማንም ምንም እንዳይነካ አልኩ። ማሽኖቹ በርተው ጌሙ ሲከፈት ያው ሕመም መጣ፤ ሥዕሉ ቀጥ አለ። ደስ አለኝ ብል ይታመናል? ታስክ ማናጀሩን ከፈትን። በስምንቱም ላይ ከላይ የተቀመጡት አንድ ዓይነት ስሞች ነበሩ፤ የቀረው አንቲቫይረስ ራሱን እያደሰ ነው፣ ሲስተሙም ማሻሻያውን እያወረደ ነው። ጌሙ ከሥር ትርፍራፊ ይለቅማል።

ቤዛ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። «ይሄን እኮ ትናንት ጨርሶ ነበር» አለች። «በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለምን እንደገና...» ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ቀስ ብላ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ፍሪዝ። እትዬ፣ ፍሪዝ ነው። ረስቶታል።»

ያገኘችው እሷ ነች፤ እኔ ቁጭ ብዬ ነው ያስጠበቅኋት። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኖቹ ጠፍተው በበሩ ቁጥር ፍሪዙ እሱ ወደተዘጋበት ቀን ይመልሳቸዋል፤ ያም እኔ አፌን ሞልቼ «ተሠርቷል» ያልኩበት ቀን ነው። በነቁ ቁጥር ቀኑ ያ ቀን ይመስላቸዋል። ቀና ሲሉ የሳምንታት ማሻሻያ ያመለጣቸው ሆኖ ያገኙታል፤ ስምንቱም ባንድ ላይ ለመድረስ ይሯሯጣሉ። ጠዋት ሲበሩ ተጫዋች ሳይመጣ ይጨርሱታል፤ የሚታወቀው በጨዋታ መሃል መብራት ሲሄድ ነው። ስንት ደክመው የጨረሱትን ቀጣዩ የመብራት መጥፋት ያስረሳቸዋል። በሰነበቱ ቁጥር የሚደርሱበት ይርቃል፤ ስለዚህም መጀመሪያ ቀላል የነበረው ነሐሴ ላይ ከበደ። በጋ ቢሆን መብራቱ አልፎ አልፎ ስለሚሄድ አይታወቅም ነበር።

መድኃኒቱንም ያመጣችው ቤዛ ነች። እሑድ ጌም ቤቱ ዝግ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እሑድ ጠዋት ፍሪዙን ከፍታ ማሽኖቹን አብርታ ትሄዳለች፤ ተጫዋች በሌለበት ያለባቸውን ሁሉ ይጨርሳሉ፤ ስትመለስ ፍሪዙን መልሳ ትዘጋለች። በሌላው ቀን ማሻሻያ የሚባል እንዳይነሣ አጠፋችው። ለአባቷ ስታስረዳቸው አዳመጡና «እኛ ጸሎት ስንሆን እነሱ ቤታቸውን ያጸዳሉ ማለት ነው» አሉ። የክፍሉን ውሳኔ ግን አላነሡም። አንድ ጊዜ ተሠርቷል ተብለው አይተዋላ።

ቤዛ ውድድሩን ለጳጉሜን ደገመችው። የመጣው ሰው ከበፊቱ ያነሰ ነበር። ጋሽ ታደሰ መጡ፤ ወንበር ግን አላወጡም፣ እንደቆሙ ነበሩ። ጨዋታው ያምራል፤ እኔ ግን በየደቂቃው እየወጣሁ ወደ እንጦጦ አያለሁ። መብራት ካልሄደ ምንም አልተረጋገጠም። ዕድሜዬን ሙሉ መብራት በሄደ ቁጥር ስራገም ኖሬ፣ እንዲሄድ የለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ማብቂያው ላይ ሄደ።

ክፍሉ ጨለመ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ማንም አልወጣም። ጋሽ ታደሰ ከጨለማው ውስጥ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እዚህ ክፍል ጨለማ ብርቅ አይደለም» አሉ። «እኛም መብራት አጥፍተን ነበር የምንቀመጠው።» ልጆቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባቸውም። ቤዛ ግን ገባት፤ ተጠግታ አጠገባቸው ቆመች።

መብራቱ መጣ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ በሩ። ሄኖክ ወንበሩ ላይ ተስተካከለና ወደ እኔ ዞረ። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፤ ለመንካት እንዳልሸነፍ ጣቶቼን ጥብቅ አድርጌ ይዤ።

«እስቲ ሥራበት» አልኩት።

ጌሙ ተከፈተ። ሜዳው መጣ። ኳሱ ተነሣ፣ ሄደ፣ ደረሰ። ጋዜጠኛውና ሥዕሉ እኩል ነበሩ። ቤዛ አንዱ ማሽን ላይ ታስክ ማናጀሩን ከፍታ አሳየችኝ፤ ከላይ የተቀመጠው ጌሙ ነው፣ ከሥሩ ሌላው ሁሉ ተኝቷል። ሰው ወደ ጨዋታው ተመለሰ፤ እኛን ያየን አልነበረም። ጋሽ ታደሰ ስክሪኑን አዩና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ተሠራ?»

«ለጊዜው ዝም ብሏል፣ ጋሼ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳሎን ገብተው ወንበር አመጡ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሳቸው። ተቀመጡና የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«እንግዲህ ሥሪበት» አሏት።

እሳቸው የተናገሩት ስለ ክፍሉ ነው። ጋሽ ወንድሙ የሚባል ሰው መኖሩንም አያውቁም። እኔ ግን የተጣመረውን እጄን ማላቀቅ አቅቶኝ፣ እንደዚያው ከኋላዬ እንደያዝኩት፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ቆሜ አለቀስኩ።